የቦይለርዎ ጭስ ስንት ብር ይዞ ይወጣል?

ቃሊቲ አካባቢ በአንድ መጋዘን ውስጥ ያገለገለ ቦይለር ለሽያጭ ቀርቧል እንበል። ደላላው አዲስ የተቀባውን ቀለም እያሳየ፣ “ጋሼ፣ ይኼ እኮ የጀርመን ብረት ነው፤ ለልጅ ልጅዎ ይተርፋል” ይላል። ገዥው በበኩሉ ብረቱን በጣቱ ያንኳኳል፣ የፓምፑን ድምፅ ያዳምጣል፣ የግፊት መለኪያውን መስታወት ያብሳል፤ ከዚያም የዋጋው ክርክር ይጀመራል። ሃምሳ ሺህ ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ቀና ብለው ወደ ጭስ ማውጫው አላዩም።

ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የቦይለሩ ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ናፍጣው ግን በየቀኑ ይከፈላል። በቀን 1,000 ሊትር የሚያቃጥል ቦይለር ያለው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ለነዳጅ የሚያወጣው ገንዘብ የብረቱን ዋጋ ሊያስረሳው ይችላል። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ምን ያህሉ እንፋሎት ሆኖ ሥራ ላይ እንደዋለ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በጭስ ማውጫው ሾልኮ እንደሄደ የሚናገር በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። የቃጠሎ መመርመሪያ ይባላል። በዛሬው ጽሑፋችን መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ፣ ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚነበቡና ለገዥም ሆነ ለሻጭ ምን እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

ለማን ይጠቅማል?

ቦይለር የትልቅ ፋብሪካ ዕቃ ብቻ አይደለም። ጨርቃ ጨርቅና ቢራ ፋብሪካ፣ የወተት ማቀነባበሪያ፣ ሳሙና ፋብሪካና ቆዳ ፋብሪካ ያለ እንፋሎት አይሠሩም። ሆስፒታሉ ዕቃ የሚቀቅለው፣ ትልቁ ሆቴል አንሶላ የሚያጥበውና ለእንግዳው ሙቅ ውሃ የሚያቀርበው፣ ላውንደሪው ልብስ የሚተኩሰው በቦይለር ነው። አብዛኛዎቹ የሚያቃጥሉት ነጭ ናፍጣ፣ ቀላል ጥቁር ናፍጣ ወይም ከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው።

እንደሚታወቀው ይህ ነዳጅ አገር ውስጥ አይጣራም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ በር ተዘግቶ ነዳጁ በዋናነት በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይገባል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች ሳቢያ ድሮ “ጭስ ነው፣ ይውጣ” ተብሎ የሚታለፈው ብክነት ዛሬ የባለንብረቱን ኪስ በቀጥታ የሚነካ ሆኗል።

እሳት ምን ይፈልጋል?

መሣሪያውን ለመረዳት መጀመሪያ እሳቱን መረዳት ያስፈልጋል። እሳት ሁለት ነገር ይበላል፤ ነዳጅና አየር። የሚፈልገው ከአየር ውስጥ ኦክስጂኑን ብቻ ነው። አየር ደግሞ ኦክስጂን ያለው 20.9 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ባብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን አይቃጠልም። ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፣ በእርስዎ ናፍጣ ይሞቃል፣ ሞቆ ይወጣል።

አየር ሲያንስ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀራል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻ በቱቦዎቹ ላይ ይለጠፋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝም ይፈጠራል። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቁር ጭስ ያየ ሁሉ “ማሽኑ ታሟል” ይላል።

አየር ሲበዛስ? የብዙዎች ኪስ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጭሱ ንጹሕ ይሆናል፣ እንዲያውም ጭራሽ አይታይም። ባለንብረቱ ቀና ብሎ አይቶ፣ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ቦይለር አያጨስም” ይላል። ነገር ግን ለቃጠሎው ከሚፈለገው በላይ የገባው አየር ሁሉ በናፍጣው ሞቆ፣ ያንን ሙቀት ይዞ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ኦፕሬተሩም ጭስ ታየ ተብሎ እንዳይወቀስ የአየር ማስገቢያውን ሰፋ አድርጎ መክፈት ይመርጣል። ለእርሱ ሰላም ነው፤ ለባለንብረቱ ግን ብክነት ነው። ጥቁሩን ጭስ ዓይን ያየዋል፤ የማይታየውን ብክነት የሚያየው መሣሪያው ብቻ ነው።

መሣሪያው ምን ይለካል?

የቃጠሎ መመርመሪያ በትልቅነቱ ከድሮ የእጅ ሬዲዮ ብዙም አይበልጥም። ከእርሱ ጋር በጎማ ቱቦ የተያያዘ ረጅም የብረት ዘንግ አለ። ዘንጉ በጭስ ማውጫው ጎን በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ይገባል። በውስጡ ያለች አነስተኛ ፓምፕ ጭሱን ትስባለች፤ ጭሱ ማጣሪያና የውሃ ማጠራቀሚያ አልፎ ወደ ሴንሰሮቹ ይደርሳል። ውጤቱ በመስኮቱ ላይ ይነበባል፤ ብዙዎቹ ልክ እንደ ሱቅ ደረሰኝ በትንሽ ወረቀት አትመው ይሰጣሉ። የጀርመኑ ቴስቶና የአሜሪካው ባካራክ በዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቀ አምራቾች መካከል ናቸው። ዋጋው እንደ ዓይነቱ ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል።

በወረቀቱ ላይ ከሚታዩት ቁጥሮች ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገባው አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ ኦክስጂን። በጭሱ ውስጥ ሳይቃጠል የተረፈው ኦክስጂን ነው። ለነጭ ናፍጣ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣ ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል። 8፣ 9፣ 10 በመቶ ከተነበበ ትርፍ አየር እያሞቁ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የኦክስጂኑ ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ነጭ ናፍጣ ፍጹም ቢቃጠል 15.5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በተግባር 12 እና 13 በመቶ ጥሩ ውጤት ነው። አብዛኛው መሣሪያ ይህን ቁጥር የሚያገኘው ከኦክስጂኑ አስልቶ ስለሆነ ነዳጁ በትክክል መመረጡን ማረጋገጥ ያሻል። መሣሪያው “የተፈጥሮ ጋዝ” ላይ ተቀምጦ ናፍጣ ከተለካ የሚወጣው ቁጥር ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። የሚለካው ከሚሊዮን እጅ ነው። በደህና በርነር ከ100 በታች መሆን አለበት። መቶዎችን እያለፈ ከሄደ ነዳጁ በግማሽ እየተቃጠለ ነው።

አራተኛ፣ የጭሱ ሙቀት። ለእንፋሎት ቦይለር ከእንፋሎቱ ሙቀት ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ቢበልጥ ጤነኛ ነው ይባላል። በ7 ባር ግፊት የሚሠራ ቦይለር እንፋሎቱ 170 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጭሱ ከ220 እስከ 250 ዲግሪ ቢሆን አያስደነግጥም። 300 ካለፈ ግን ሙቀቱ ወደ ውሃው ሳይገባ እያመለጠ ነው።

አምስተኛ፣ የጭስ ማውጫው ስበት። ጭሱ ወደ ላይ በሚገባው ኃይል መሳቡን ያሳያል። ስበት ከጠፋ ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ መሣሪያው አስልቶ የቃጠሎውን ውጤታማነት በመቶኛ ያስቀምጣል።

ሒሳቡን በብር እናስበው

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጭ ናፍጣ የሚያቃጥል ቦይለር ተለካ እንበል። ኦክስጂኑ 9 በመቶ፣ የጭሱ ሙቀት 250 ዲግሪ፣ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የዚገርት ቀመር መሠረት ለነጭ ናፍጣ 0.68ን ከ21 ላይ ኦክስጂኑ ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር ያካፍሉታል፤ 0.007 ይደምሩበታል፤ ያንን በጭሱና በአየሩ የሙቀት ልዩነት ያባዙታል። እዚህ ላይ 0.68 ለ12 ሲካፈል 0.0567 ነው፤ 0.007 ሲደመር 0.0637፤ በ230 ዲግሪ ሲባዛ 14.6 ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ 100 ሊትር ውስጥ 14.6 ሊትር የሚሆነው ሙቀት በጭስ ማውጫው ወጥቷል።

አሁን ባለሙያው የአየር ማስገቢያውን አስተካክሎ ኦክስጂኑን ወደ 4 በመቶ አወረደ። በቱቦዎቹ ላይ ያለውን ጥቀርሻም አስጠረገ፤ የጭሱ ሙቀት ወደ 220 ዲግሪ ወረደ እንበል። ሒሳቡ እንደገና ሲሠራ ኪሳራው 9.4 በመቶ ይሆናል። ውጤታማነቱ ከ85.4 ወደ 90.6 ከፍ አለ ማለት ነው። ለተመሳሳይ እንፋሎት የሚፈለገው ነዳጅ በ5.7 በመቶ ያህል ቀነሰ።

በቀን 1,000 ሊትር የሚያቃጥል ድርጅት በቀን 57 ሊትር አተረፈ። በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢሠራ 17,100 ሊትር ነው። ይህንን አንባቢ በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ ራሱ ያባዛው። ለዚህ ትርፍ የወጣው ወጪ ደግሞ የአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ፣ ብሩሽና ሳሙና ነው። አዲስ ማሽን አልተገዛም።

የጭሱ ሙቀት ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ በደህና በተስተካከለ ቦይለር የጭሱ ሙቀት በ20 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ውጤታማነቱ ወደ 1 በመቶ ይጨምራል።

አዲስ አበባ ባሕር ዳርቻ አይደለችም

ከውጭ የሚመጣ በርነር ብዙውን ጊዜ ተስተካክሎ የሚወጣው በባሕር ወለል ላይ ላለ አገር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የኦክስጂኑ ድርሻ ያው 20.9 በመቶ ነው፤ አየሩ ግን ስስ ነው።

ምን ማለት ነው? አንድ ሊትር ናፍጣ በትክክል ለመቃጠል ባሕር ወለል ላይ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ያው አንድ ሊትር ከ13 ሜትር ኩብ በላይ ይፈልጋል። የበርነሩ ማራገቢያ ግን የሚገፋው የአየር መጠን ስለ ከፍታው ብሎ አይጨምርም። ስለዚህ ከካርቶኑ ወጥቶ በፋብሪካ ልኩ የተገጠመ በርነር እዚህ አየር ያጥረዋል፤ ያጨሳል፣ ጥቀርሻ ይሠራል።

ብዙ ገዥ “አዲስ ዕቃ ገዝቼ እንዴት ያጨሳል?” ብሎ ከሻጩ ጋር የሚጣላው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሻጩም አልዋሸም፣ ዕቃውም አልተበላሸም። መፍትሔው ለከፍታው የሚበቃ ትልቅ ማራገቢያ ያለው በርነር ማዘዝ ወይም የነዳጁን መጠን መቀነስ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከተመረጠ ግን ቦይለሩ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል እንፋሎት አይሰጥም። በሰዓት 2 ቶን እንፋሎት ያስፈልገኛል የሚል ባለሀብት ሰሌዳውን ብቻ አይቶ ከገዛ በኋላ የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲጠይቁ የሚተከልበትን ከተማ ከፍታ ይጻፉ። ድሬዳዋ ላይ ሲሠራ የነበረ ቦይለር ተነቅሎ አዲስ አበባ ሲተከልም እንዲሁ እንደገና መስተካከል አለበት።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ባለሙያ ሲጠሩ ቆመው ይመልከቱ። ሥራው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ካልያዘ ወረቀቱን አይመኑት።

መሣሪያው መጀመሪያ በንጹሕ አየር፣ ከቦይለሩ ክፍል ውጭ መከፈት አለበት። ያን ጊዜ 20.9 በመቶ ኦክስጂንና ዜሮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማሳየት ይኖርበታል። ጭስ ባለበት ክፍል ውስጥ ከተከፈተ ቆሻሻውን አየር እንደ ንጹሕ ይቆጥርና ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

ቦይለሩ ሞቆ፣ በደንብ ሥራ ላይ ሆኖ መለካት አለበት። አሁን የተቀጣጠለ ቦይለር ጭሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውጤቱ ያማረ ይመስላል። ዝቅተኛና ከፍተኛ እሳት ያለው በርነር ከሆነ በሁለቱም ላይ ይለካ። በአንዱ ላይ ተስተካክሎ በሌላው የሚያጨስ ብዙ ነው።

ቀዳዳው ለቦይለሩ መውጫ በቀረበ ቦታ፣ አየር ሊገባ ከሚችልበት ስንጥቅ ወይም መጋጠሚያ በፊት መሆን አለበት። የዘንጉ ጫፍ ወደ ቧንቧው መሐል መድረስ ይኖርበታል። በመንገድ ላይ አየር ከገባ ኦክስጂኑ ከእውነቱ በላይ ይነበባል፤ መርዙም ተበርዞ አነስተኛ ይመስላል። ለምሳሌ በ9 በመቶ ኦክስጂን የተነበበ 200 ካርቦን ሞኖክሳይድ ብርዙ ሲወጣለት 350 ነው። ጎበዝ ባለሙያ ይህንን አስልቶ ይነግርዎታል።

ለናፍጣ የጥቀርሻ ምርመራም ይጨመርበታል። በትንሽ የእጅ ፓምፕ ጭሱ በነጭ ወረቀት ውስጥ አሥር ጊዜ ይሳባል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጠብታ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ከተመዘገበ የጥቁረት መለኪያ ጋር ይተያያል። ለነጭ ናፍጣ ዜሮ ወይም አንድ መሆን አለበት። ኦክስጂንን ለመቀነስ ሲባል ጥቀርሻ የሚጨምር ከሆነ ማስተካከያው ከልክ አልፏል።

በመጨረሻም ሁለት ወረቀት ይጠይቁ፤ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ። ቀን፣ ሰዓትና የነዳጁ ዓይነት ይጻፍበት። ከማሽኑ ሰነድ ጋር ይቀመጥ።

ቁጥሮቹ ሲናገሩ

ቁጥሮቹን አጣምሮ የሚያነብ ሰው በሽታውን ያውቃል። ኦክስጂን ከፍ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ዝቅ ካለ አየር በዝቷል፤ ይጠበብ። ኦክስጂን ዝቅ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ካለ አየር አንሷል፤ ይከፈት። ሁለቱም በአንድነት ከፍ ካሉ አየር አለ፣ ነገር ግን ከነዳጁ ጋር አልተዋሐደም፤ ያረጀ ወይም የተደፈነ ኖዝል፣ የወረደ የፓምፕ ግፊት ወይም በቂ ያልሞቀ ጥቁር ናፍጣ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ አየር መጨመርም መቀነስም አይፈውሰውም፤ ኖዝል ይቀየር።

ኦክስጂኑ ሳይለወጥ የጭሱ ሙቀት በየወሩ እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ውሃው የሚያልፍበት መንገድ እየተዘጋ ነው። ወይ በእሳቱ በኩል ጥቀርሻ ተለጥፏል፣ ወይ በውሃው በኩል ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ጥቀርሻውን ብሩሽ ያወጣዋል። የውሃው ቅርፊት ግን ቱቦ እስከ ማቃጠል ይደርሳል፤ የውሃ ማለስለሻው ይመርመር።

ጭሱን ከልክ በላይ ማቀዝቀዝም አደጋ አለው። ጥቁር ናፍጣ ድኝ አለበት። ጭሱ ከ150 ዲግሪ ወደ 130 እየወረደ ሲሄድ ድኙ ወደ አሲድ ተለውጦ የጭስ ማውጫውን ብረት መብላት ይጀምራል። ስለዚህ “ቀዝቃዛ ይሁን” የሚባለው እስከ ልክ ድረስ ነው።

በገበያው ላይ የሚደረጉ ማታለያዎች

ውጤታማነት በሁለት መንገድ ይሰላል። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ያ ውሃ በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ይወጣል። በአውሮፓ ልማድ በዚያ እንፋሎት ውስጥ የሄደው ሙቀት ከሒሳቡ አይገባም፤ በአሜሪካ ልማድ ይገባል። ለናፍጣ ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ነው። በአውሮፓ ስሌት 90 የተባለው ያው ቦይለር በአሜሪካ ስሌት 85 አካባቢ ነው። ሁለት ሻጮች 90 እና 86 ብለው ቢያቀርቡልዎ የመጀመሪያው ይሻላል ብለው አይቸኩሉ፤ በየትኛው ስሌት እንደሆነ ይጠይቁ።

መሣሪያው የሚለካው ደግሞ ቃጠሎውን ብቻ ነው። በቦይለሩ ገላ የሚያመልጠውን ሙቀት፣ በሚፈስ ቫልቭና በተበላሸ ስቲም ትራፕ የሚጠፋውን እንፋሎት፣ ቆሻሻ ለማስወገድ የሚለቀቀውን ትኩስ ውሃ አያይም። “ቦይለሩ 90 ነው” የሚል ሻጭ እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካው በሙሉ ግን 90 አይደለም።

ያገለገለ የመመርመሪያ መሣሪያ የሚገዛም ይጠንቀቅ። በውስጡ ያለው የኦክስጂን ሴንሰር ዕድሜው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው፤ ሳይሠራበት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም ያልቃል። በርካሽ የተገኘው መሣሪያ አዲስ ሴንሰር ሲገዛለት ርካሽነቱ ይጠፋል። ሴንሰሩ መቼ እንደተቀየረና መሣሪያው መቼ በታወቀ ጋዝ እንደተፈተሸ የሚገልጽ ሰርተፊኬት ይጠይቁ።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ለባለንብረቱ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። በጀርመን አገር የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች መሣሪያውን ይዘው የማሞቂያ ቦይለሮችን በሕግ ይለካሉ። በናፍጣ ወይም በጋዝ የሚሠራና ከ50 ኪሎዋት በላይ የሆነ ማሞቂያ በጭሱ የሚያባክነው ከ9 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለትናንሾቹ 10 እና 11 በመቶ ይፈቀዳል። የእንፋሎት ቦይለር ጭሱ ይበልጥ ትኩስ ስለሆነ ይህን ልክ እንዳለ ወደ ፋብሪካ ማምጣት አይቻልም። ቁም ነገሩ ግን ልኩ በግምት ሳይሆን በመሣሪያ መታወቁ ነው።

ከገንዘብ የሚበልጠው

እስካሁን ስለ ብር ተናገርን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጂን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ከሰል ለኩሶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው የሚሞትበት መርዝ ይኸው ነው። የሌሊት ኦፕሬተር በቦይለሩ ክፍል ውስጥ ብርድ ሸሽቶ ፍራሽ አንጥፎ የሚተኛ ከሆነ፣ የጭስ ማውጫው ስበት የጠፋ ዕለት ጠዋት ላይነሣ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ የሚል የቦይለር ሠራተኛ ካለዎት “ትናንት ጠጥቶ ነው” ብለው አይለፉት። መጀመሪያ በርና መስኮት ይክፈቱ፤ ቀጥሎ የክፍሉን አየር ያስለኩ።

የሚከተሉትን ያስታውሱ

ያገለገለ ቦይለር የሚገዛ ሰው ማሽኑ ተቀጣጥሎ፣ ሞቆ፣ በፊቱ እንዲለካ ይጠይቅ፤ ወረቀቱም ከሽያጭ ውሉ ጋር ይያያዝ። ሻጭም ቢሆን መልካም ውጤት ያለው ወረቀት በእጁ ካለ ለዋጋው መከራከሪያ ይሆነዋል። ደላላውም “የጀርመን ብረት ነው” ከማለት ይልቅ ቁጥር ይዞ ቢናገር የሚሰማው ያገኛል።

የጥገና ውል የሚፈርም ድርጅት በውሉ ውስጥ በየሦስት ወሩ ወይም ቢያንስ በየስድስት ወሩ የቃጠሎ ምርመራ እንዲደረግና ወረቀት እንዲቀርብ ያስገባ። ኖዝል ሲቀየር፣ የነዳጅ ዓይነት ሲለወጥ፣ ቦይለሩ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ደግሞ ጊዜው ሳይጠበቅ ይለካ። ብዙ ቦይለር ያለው ድርጅት መሣሪያውን ራሱ ቢገዛ ያዋጣዋል፤ አንድ ቦይለር ያለው በአገልግሎት ክፍያ ባለሙያ ይጥራ።

ኦፕሬተሩን ደግሞ ጭስ ታየ ብለው ብቻ አይቆጡት። የጭሱን ሙቀት በየቀኑ መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ያድርጉ። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር በወር ውስጥ ብዙ ይናገራሉ። ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ባለሙያ ይጠራ፤ አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።